በሰይፉ ሥር ላይ ያለው ስም

ባስቶስ፣ ብራዚል
ኤፕሪል 12 ቀን 1966

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ ለኩሮኢዋ ቶኪዞ፤ ኦሳፉኔ

እናንተ ዘንድ የቼሪው አበባ ረግፎ የሩዙ መደብ ውኃ እየጠጣ ይሆናል። እዚህ ነገሩ ሁሉ የተገለበጠ ነውና መኸር ገብቷል። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ዕድሜውን ሙሉ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብሎ ሰይፍ የወለወለ ሰው መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ወገቡን ነው። እህትዎ እትዬ ያኤስ ከነልጅ ልጆቿ ደህና ናት? አያቶቻችን ወንድማማቾች ሆነው ሳለ፣ የአባቴን የካንቤይን መርዶ ከጻፍኩልዎት ወዲህ አስራ አንድ ዓመት ድምፄን አጠፋሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ባለቤቴን ከቀበርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ልጄ ሱሚና ባሏ ሦስት ሺህ ዶሮ ያረባሉ፤ ቤታችን ከእንቁላልና ከዶሮ ኩስ ሌላ ወሬ የለውም። ሆዴን አሞኝ ከተማ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ «አርፈህ ብላ» አለኝ። መብላት ብችልማ ምን ላደርግ እሱ ዘንድ እሄዳለሁ? ከዚያ ሱሚን ወደ ጎን ጠርቶ አነጋገራት። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የሰፈራችን ሰው ሃማሱና ለእናቱ ሙት ዓመት ወደ ኦካያማ ስለሚመጣ ሰይፋችንን በእሱ እጅ ልኬልዎታለሁ። በ1932 ልንሰደድ ስንል አባቴ ለውልወላ ብሎ አባትዎ ዘንድ አርባ ቀን ያስቀመጠው ያ የጥንቱ ባለሙያ የሞሪቶሺ ሰይፍ ነው። እርስዎ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበሩ፤ የመሳያውን ድንጋይ በውኃ ሲያርሱ ትዝ ይሉኛል። አባቴ ባሕሩን ከተሻገርን በኋላ እጀታውን አውልቆ ሥሩ ላይ የተቀረጸውን የባለሙያውን ስም አሳይቶኝ አያውቅም። ስጠይቀው «እርጥበት ይገባዋል» እያለ ዝም ያሰኘኝ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ፖሊስ የጃፓኖችን ቤት ሲፈትሽ ዶሮ ቤቱ ሥር ቀበርነው፤ ሁለት ዓመት መሬት ውስጥ ከርሟል።

የሰይፍን እውነተኛነት አይተው ወረቀት የሚሰጡት መርማሪዎች ፊት ያቅርቡልኝ። ከዚያ በፊት ግን እጀታ ውስጥ የሚገባውን ሥሩን እርስዎ ራስዎ በዓይንዎ ይዩልኝ። የምፈልገው ገንዘብ አይደለም። ከመሞቴ በፊት ስለዚህ ሰይፍ እውነቱን ከዘመዴ አፍ መስማት ነው።

የአባቶቻችን መንፈስ ቤትዎን ይጠብቅ።

ታናሽዎ ኢዋኦ


ኦሳፉኔ
ኦገስት 20 ቀን 1966

ለወንድሜ ለኢዋኦ

የሙታን በዓል ባለፈው ሳምንት አለፈ። ለአባትህም ፋኖስ አብርተን ወንዙ ላይ ለቀቅንለት። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤም አለ፣ ይጮሃል እንጂ አልጠፋም። ደብዳቤህን ለያኤ ሳነብላት የሐኪሙ ነገር ላይ ስደርስ «ይኼ ኢዋኦ ድሮም ከኛ ዛፍ ጥሬ ፍሬ እየሰረቀ ነው ሆዱን ያበላሸው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። አይዞህ፤ ሐኪም ያለው ሁሉ አይሆንም።

ሃማሱና ሰይፉን በፍራሽ ጠቅልሎ አመጣው። ለምዝገባ ወረቀት ወደብ ላይ ሦስት ቀን አቁመውታል። ለመሆኑ ምኑን ነው የቀባችሁት? የአሳማ ስብ? አፎቱን ስከፍት ጎረቤቴ ኩኒማሱ «ምሳ ደረሰ እንዴ?» ብሎ ገባ።

ሥሩን ግን አለመፈተጋችሁ ደግ አድርጋችኋል። አምና ከጹያማ አንድ አስተማሪ የአያቱን ሰይፍ ሥር በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ መስታወት አስመስሎ አመጣልኝ። «አጸዳሁልዎት» ይለኛል ደስ ብሎት! የሰይፍ ዕድሜ የሚነበበው ከሥሩ ዝገት ነው፤ ከቀለሙ፣ ከልስላሴው፣ በፊደሉ ጉድጓድ ውስጥ ከአተኛኘቱ። ሰውዬው ስድስት መቶ ዓመት በአንድ ከሰዓት አጥቦ ጣለ። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ከጫፉ በታች አንዲት መስኮት ከፍቻለሁ፤ ጣት የምታክል ቦታ ወልውዬ ብረቱን አየሁት ማለት ነው። ብረቱ መጥፎ አይደለም። በስለቱ ዳር የሚሄደው ሞገድ መሳይ መስመርም ጸጥ ያለ ነው። ስለ ስሙ ግን ጊዜ ስጠኝ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፣ ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ አላባራም፤ በዝናብ ብርሃን ሰይፍ አይመረመርም።

ቶሎ ያድንህ።

ቶኪዞ


(ያልተላከ)
ኦሳፉኔ
ሴፕቴምበር 25 ቀን 1966

ኢዋኦ፣

ስሙን የቀረጸው አባቴ ነው።

ሐሳቤን እንዳልለውጥ እሱን አስቀድሜ ጻፍኩት። አባቴ ዴንኪቺ የግራ እጁ ሌባ ጣት አጭር ነበረች፤ የመሳያ ድንጋይ በልቷት ነው። ስለዚህ መሮ ሲይዝ ያዘነብልበታል፤ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ሁሉ አናቱ ላይ ወደ ቀኝ ትንሽ ጥፍር ያወጣል። የሥራ ባልዲያችን የነሐስ ቀለበት ላይ የራሱን ስም ቀርጾበታል። ሰይፉን ወስጄ ከባልዲው ጎን አደረግኩት። ጥፍሩ አንድ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አጉሊ መነጽር ያስፈልገው ነበር፤ እኔ ግን ያ እጅ አሳድጎኛል፣ በጥፊም መትቶኛል።

ያን ጸደይ አባቴ አንድ ሰይፍ ከሽንት ቤቱ ጀርባ እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብሮ በየቀኑ የጨው ውኃ እንዳጠጣው አዞኝ ነበር። «ምንድን ነው?» ስለው «ሥራ ነው፣ አፍህን ዝጋ» አለኝ። ዘጋሁ። የዚያን ዓመት ሩዙ ጠፍቶ ያኤን ለቆቤ ሴተኛ አዳሪ ቤት የሚገዛ ደላላ ሁለቴ መጥቶ ጥርሷን ሳይቀር አይቶ ሄዷል። ሦስተኛ ሳይመጣ ቀረ። እናታችን በጸሎት ያስቀረችው ይመስለን ነበር። ያስቀራት ግን የእናንተ ሰይፍ ነው፤ አባቴ ያን የተቀበረውን አዝጎ ለካንቤይ መለሰና እውነተኛውን ሸጠ። አባቴ ለማን እንደሸጠው አላውቅም። ምናልባት በ1945 አሜሪካኖቹ ሰብስበው ባሕር ከጣሉት ክምር ጋር ሄዷል። ሃምሳ ዓመት ብፈልግ አላገኘውም።

ያኤ ይህን አታውቅም። ዛሬ ጠዋትም እንደ ልማዷ መጥታ ግቢዬን ጠርጋልኝ ሄደች። «ወንድም ጋሼ፣ ምነው ፊትህ ከሰል መሰለ?» አለችኝ። እንቅልፍ ነው አልኳት። ከሦስቱ መርማሪዎች አንዱ ደግሞ የአባቴ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ሥሩን ባየ ቅጽበት የጌታውን እጅ ያውቃታል። በአውራጃው ያልተነካ ስም ቢኖር የአባቴ ስም ብቻ ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ብረት ግን የሚዝገው ዝም ብሎ ነው። አፈርኩ፣ ኢዋኦ። በአባቴ ብቻ ሳይሆን ያን የጨው ውኃ ይዤ በመመላለሴም አፈርኩ።


ኦሳፉኔ
ሴፕቴምበር 25 ቀን 1966

ለወንድሜ ለኢዋኦ

ሙቀቱ በረድ ብሎ ከወንዙ ዳር ቀይ አበቦች ብቅ ብቅ ብለዋል። ሆድህ እንዴት ሰነበተ? ያኤ የደረቀ እንጉዳይ ልካልሃለች፤ በሾርባ ይወርድልሃል ትላለች።

ስለ ሰይፉ በአጭሩ ልንገርህ። ስሙ ያጠራጥራል። በጥንት ዘመን ነጋዴዎች የታላላቅ ባለሙያዎችን ስም በማንም ብረት ላይ ይቀርጹ እንደነበር ታውቃለህ፤ ከእነዚያ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ሐሰተኛ ስም የያዘ ሰይፍ እንደ ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ እውነት ቢናገር እንኳ የሚያምነው የለም። መርማሪዎቹ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ መልሰው ይሰጡሃል። በሙያችን ልማድ እንዲህ ያለው ስም በሞረድ ይጠፋል። ከዚያ ሰይፉ ስም የሌለው ሆኖ በብረቱ ብቻ ይዳኛል፤ ብረቱ ደግሞ አያሳፍርም።

ፈቃድህን ቶሎ ጻፍልኝ። የመርማሪዎቹ ጉባኤ በኖቬምበር መጨረሻ ነው።

ቶኪዞ


ባስቶስ
ኦክቶበር 29 ቀን 1966

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ

ዝናብ መንገዱን ቆርጦት ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። ጤና ይስጥልኝ። እንጉዳዩም ደርሷል፤ ሽታው ብቻ ልጅነቴን መለሰልኝ፣ ሾርባውን ግን ሱሚ ጠጣችው።

እባክዎን ሞረድ አያስነኩት። ጉባኤውም ይቅር፣ ወረቀቱም ይቅር። ስሙ ሐሰት ከሆነ ሐሰቱ የኔ ነው፤ እንዳለ ይቀመጥ። ደግሞ ሐሰት ዝም ብሎ ከሰማይ አይወርድም፤ የቀረጸው እጅ አለው። ነጋዴ ነው ይሉኛል። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሰይፍ ያዩ ሰው ነዎት፤ የማን እጅ ይመስልዎታል? ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም፤ ይህን አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ።

እትዬ ያኤን ይሳሙልኝ።

ታናሽዎ ኢዋኦ


ኦሳፉኔ
ኖቬምበር 28 ቀን 1966

ለወንድሜ ለኢዋኦ

ብርዱ ገብቷል፤ ባልዲዬ ጠዋት ጠዋት በረዶ ይዞ ያድራል። እንዴት ከረምክ?

መልስህ ስለዘገየብኝ፣ ጉባኤውም ስለደረሰ በራሴ ሥልጣን ስሙን አጠፋሁት። አትቀየመኝ። መርማሪዎቹ ሰይፉን ተቀብለውታል፦ ስም የሌለው፣ የኋለኛው ዘመን የአገራችን የቢዘን ሥራ፣ ዕድሜው ሦስት መቶ ዓመት ግድም። ወረቀቱን አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ማኅተም አለው። አሁን ማንም ሰው ፊት ብታወጣው አታፍርበትም።

ደስ ይበልህ።

ቶኪዞ


ባስቶስ
ጃንዋሪ 15 ቀን 1967

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ

ተኝቼ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ቢወላገድ ይታገሡኝ። አዲሱ ዓመት ለእርስዎና ለእትዬ ያኤ የሰላም ይሁን።

ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት ያገኛሉ። አባቴ ሰይፉን አባትዎ ዘንድ ከማስቀመጡ በፊት ሥሩ ላይ ስስ ወረቀት ደፍቶ በጥቁር ቀለም እያሸ ያነሳው ምስል ነው። የሞሪቶሺ ስም ከነጉድጓዱ ይታያል። አስተያይተው ይዩት ልል ነበር፤ አሁን የሚያስተያዩበት የለም።

መርከቡ ላይ፣ አስራ ሁለተኛው ቀን፣ አባቴ እጀታውን አውልቆ ምስሉን ከሥሩ ጋር ገጠመው። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። መስመሮቹ አልገጠሙም። ኋላ ሰይፉን መልሶ ጠቀለለና «ዴንኪቺ ልጁን አተረፈ» አለኝ። «አባባ፣ ሌባ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ቀስ በል፣ ሰው ተኝቷል። የደላላውን ነገር እኔም ሰምቻለሁ። ቢለምነኝ እሰጠው ነበር፤ ግን መለመን አቃተው። የሄደው ብረት ነው፣ ልጅቱ ቀርታለች። ለማንም አትናገር።» ከዚያ ቀን ወዲህ እጀታውን አልነካም።

እኔ ግን እንደ አባቴ ሰፊ ሆድ አልሰጠኝም። ሠላሳ አራት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ አሁን ሐኪሙ ሌላ ስም አወጣለት እንጂ ሆዴን የፈጀው እሱ ይመስለኛል። ሰይፉን የላክሁልዎት እንዲፈረድለት አልነበረም። ማስረጃውን በእጅዎ አስቀምጬ «አባቴ ነው» የምትለዋን ቃል ልጠብቅ ነበር። በቃልዎ ይቅር ለማለት ቸኩዬ ነበር። እርስዎ ግን ሞረድ አነሱ።

ሰይፉን ይመልሱልኝ።

ኢዋኦ


ኦሳፉኔ
ማርች 2 ቀን 1967

ኢዋኦ፣

ሰላምታ ለመጻፍ ፊት የለኝም።

አንዲቱን ነገር በወረቀት ልናዘዝ። መልስህ ዘግይቶ አልነበረም። ሞረዱን ከማንሳቴ ከሁለት ቀን በፊት ደርሶ ነበር። ሳልከፍተው የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ ምን እንደሚል አውቄዋለሁ። የከፈትኩት ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ሌላውን፣ አንተ የምትጠብቀውን፣ አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ ቀደድኩት። ወረቀት ይቃጠላል፤ ያኤም ቤቴን ስትጠርግ የወደቀ ወረቀት ታነባለች። ስም በሌለው ሰይፍ ሥር ላይ ሊቃውንት ታሪኩን በዛፍ ሙጫ በተበጠበጠ ቀይ ቀለም የሚጽፉበት ልማድ እንዳለ ታውቃለህ። እኔ ሊቅ አይደለሁም። ግን ስሙን ባጠፋሁበት ቦታ ላይ ጽፌዋለሁ። እጀታውን አውልቀህ አንብበው። ሰይፉ ከዮኮሃማ በመርከብ ተሳፍሯል፤ ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል አሉኝ።

ጠብቀኝ። እባክህ ጠብቀኝ።

ቶኪዞ


ባስቶስ
ጁን 30 ቀን 1967

ለአጎቴ ለቶኪዞ

የኢዋኦ ልጅ ሱሚ ነኝ። የምጽፈው አባቴ በልጅነቴ ባስተማረኝ፣ ሕፃናት መጀመሪያ በሚማሩት ቀላል ፊደል ነው። አዋቂዎች የሚጽፉባቸውን ትልልቆቹን ከባድ ፊደላት አላውቅም፤ እዚህ ስናድግ የጃፓን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። ስህተቴን ይለፉልኝ። እናንተ ዘንድ ሁሉም ሰው ደህና ነው?

አባቴ ሜይ 6 ቀን አረፈ። የመጨረሻው ደብዳቤዎ ትራሱ ሥር ነበር። እንቁላል የሚጭነው መኪና በመጣ ቁጥር «ሰይፉ መጣ?» ይል ነበር። ደብዳቤው ምን እንደሚል ብጠይቀው «አጎትሽ ሰይፉ ላይ ጽፎልኛል። ሲመጣ እኔ አነብልሻለሁ» አለኝ። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ፊቱ ፈክቶ አይቼው አላውቅም።

ሰይፉ የደረሰው የሞቱን አርባ ዘጠነኛ ቀን መታሰቢያ ባከበርን ማግስት ነው። ባለቤቴ እጀታውን አወለቀው። ቀዩን ጽሑፍ አየነው፤ እንዴት ያምራል! ማንበብ ግን አልቻልንም። ትልልቁን ፊደል የሚያውቁት መምህር ወደ ሳኦ ፓውሎ ከሄዱ ቆይተዋል። ባለቤቴ «አጎትሽ የባለሙያውን ስም መልሰው ጻፉልን» አለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እያወለቀ ያሳያል፣ ጎረቤቶችም ሊያዩ ይመጣሉ። ሃማሱና ትልልቁን ፊደል ባያነብም የጥንቱ ባለሙያ ሞሪቶሺ ይባል እንደነበር ከአባቴ እንደሰማ ነገረን።

ሌላ ደግሞ ልንገርዎት፤ በሴፕቴምበር ልወልድ ነው። ወንድ ከሆነ ሞሪቶሺ ልንለው አስበናል። አባቴ በሰይፉ ይኮራ ነበርና ደስ ይለዋል። ስሙን እንዳንሳሳት ግን ቀዩ ጽሑፍ ምን እንደሚል ቃል በቃል በቀላሉ ፊደል ይጻፉልን። አባቴ ሊያነብልኝ የነበረውን እርስዎ ያንብቡልኝ።

ውለታዎን እግዜር ይክፈልዎት።

ሱሚ


ኦሳፉኔ
ጁላይ 19 ቀን 1967

ለልጄ ለሱሚ

ማንም ሳያግዝሽ እንድታነቢው እኔም በሕፃናቱ ፊደል እጽፍልሻለሁ። ይህን ከመጻፌ በፊት ለያኤ ሁሉንም ነገርኳት። ዛሬ አራት ቀኗ ነው፤ ግቢዬን ልትጠርግ አልመጣችም።

ቀዩ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «እዚህ ላይ የነበረው ስም ሐሰት ነበር። የቀረጸው አባቴ ዴንኪቺ ነው። እውነተኛውን ሰይፍ ከካንቤይ ሰርቆ ሸጦ እህቴን አዳነበት። ሐሰቱን በሞረድ ያጠፋሁት ልጁ ቶኪዞ ነኝ። የካንቤይ ቤት አውቆ ዝም አለ።»

የባለሙያ ስም አይደለም። ለባልሽ ንገሪው፤ ለእንግዶቹም ይንገራቸው። እኔ መናገር የነበረብኝ ለአባትሽ ነበር፤ ጊዜ ሰጥቶኝ ነበር፤ እኔ ግን በመርከብ ላክሁት።

ለልጁ ያን ስም አታውጪለት። ኢዋኦ በይው።

ቶኪዞ